ሰዓቱ የማን ነው? ከመካነ ሰላም ለአንባቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለእናንተ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ ለምትኖሩ፤ እንዲሁም ከእነዚሁ ወረዳዎች ወጥታችሁ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩትና ኩዌት ሆናችሁ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡ። እኛ እንደምታውቁን ነን። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ይኖራል፤ ቡናው ግን አልተቋረጠም።

የምጽፍላችሁ ሕንድ ሀገር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ በየቡናው የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለበዛ ነው። አንዱ ጥያቄ ስለ ምግብ ነው፤ "ሩዝ ብቻ እየበላሽ እንዴት ቻልሽው?" ይሉኛል። ሌላው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚመጣ ነው። የእናቴ የቡና ጓደኛ የሆኑ እናት አቦሉ እየተቀዳ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ እዚያ ሀገር ዮጋ የሚሉት አምልኮ ውስጥ ገባች ይሉሻል፤ እውነት ነው?" አሉኝ። አልገባሁም አልኳቸው። "ተመስገን!" ብለው ስኒያቸውን ተቀበሉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ከሳዑዲ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ ቆሎ ታዘግናለች። እሷን "እዚያ ሀገር ምን ሆነሽ መጣሽ?" ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሁለታችንም የኖርነው እስያ ነው። ካርታ ብትዘረጉ ሕንድም ሳዑዲም አንድ አህጉር ላይ ናቸው። እኔ የሄድኩት በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነው፤ ፓስፖርቴ ሻንጣዬ ውስጥ፣ የቤቴ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሷ የሄደችው በኤጀንሲ ነው፤ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ፈተና ተፈትና፣ አሻራ ሰጥታ፣ በሕጋዊ መንገድ። እንደደረሰች ፓስፖርቷን ተቀበሏት። ስለ ምግቡም ስለ ዮጋውም የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እኔ የነበርኩበት ከተማ ቪሳካፓትናም ይባላል፤ ነዋሪው አሳጥሮ ቫይዛግ ይለዋል። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ የአንድራ ፕራዴሽ የወደብ ከተማ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአንድራ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ይገኛል፤ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሦስተኛ ዲግሪ የተላኩ ብዙ መምህራን በዚያ ግቢ አልፈዋል። መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ካለ ወዲህ ይህ መንገድ ለእኛም ሰፈር እንግዳ አይደለም። ድሮ ደግሞ መንገዱ ወደዚህ ነበር። አባቶቻችሁን ብትጠይቁ በንጉሡ ዘመን ሂሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው ሕንዶች እንደነበሩ ይነግሯችኋል፤ አብዛኞቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ።

ወደ ምግቡ ልግባ። ሩዝ ብቻ አልበላሁም። ከግቢው በር ላይ ጠዋት ጠዋት ዶሳ የሚጋግር ሰው ነበር። ሩዝና ኡራድ የሚሉትን ጥቁር ማሾ ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ አቡክቶ ያሳድረዋል። ሲነጋ ሊጡን በብረት ምጣድ መሃል ላይ ያፈስና በጭልፋው ጀርባ እያዞረ ወደ ዳር ያሰፋዋል። እኛ ከዳር ጀምረን ወደ መሃል ነው የምናዞረው። አክንባሎም አይደፋበትም፤ ዘይት ዙሪያውን ጠብ ጠብ ያደርግና ጠርዙ ሲነሳ ጠቅልሎ ያወጣዋል። ቆሜ ሳየው ውዬ "እስቲ እኔ ልሞክር" አልኩት። ልማድ ሆኖብኝ ከዳር ጀመርኩ። ሊጡ ወፍራም ስለሆነ እንጀራም ዶሳም ሳይሆን ቀረ፤ ሰውዬው ግን ሳይስቅብኝ በላው። እዚያው አንድራ ውስጥ ከአረንጓዴ ማሾ የሚጋገር ፔሳራቱ የሚባልም አለ። ማሾ የእኛም ዞን ቆላ ያበቅለዋል፤ አብዛኛው ግን በኩንታል ታስሮ ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል እንጂ ወደ ምጣድ አይመጣም።

ከሁሉ የገረመኝ ዳጉሳ ነው። እነሱ ራጊ ይሉታል። በሚያምር ከረጢት ታሽጎ፣ ለስኳር ሕመምተኛና ለሕፃን ይስማማል ተብሎ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ከሩዝ ጋር አገንፍተው ድቡልቡል ያደርጉትና ራጊ ሳንጋቲ ብለው በወጥ ያጣቅሱታል። የዕፅዋት ሊቃውንት እንደሚሉት ዳጉሳ መጀመሪያ የተላመደው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ዩጋንዳ ባለው ምድር ነው፤ ወደ ሕንድ የተሻገረው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። የሕንድ መንግሥት ሐሳብ አቅርቦ የተባበሩት መንግሥታት 2023ን እ.ኤ.አ. ዳጉሳን የመሰሉ ደቃቅ እህሎች ዓመት ብሎ ሰይሞታል። እኛ ዘንድ ዳጉሳ በላ መባል እስከ ዛሬ የድህነት ምልክት ነው። ዓባይ ማዶ ያሉት ጎጃሞች ከእኛ ይሻላሉ፤ ለእንጀራውም ለጠላውም ያውሉታል።

ከቫይዛግ በባቡር ወደ ተራራው ሲወጣ አራኩ የሚባል ሸለቆ አለ። ዝናቡ ሲያባራ የገበሬው ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ከፍ ሲል በዛፍ ጥላ ሥር ቡና አለ። ኑጉም ቡናውም መነሻቸው የእኛ ሀገር ነው። ቡናውን ግን ከወተትና ከስኳር ጋር አዋህደው ከአንዱ የብረት ኩባያ ወደ ሌላው እያንቆረቆሩ አረፋ ያስወጡና በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ቶና የለ፣ በረካ የለ፣ ምርቃት የለ። ይቅር ይበላቸው።

ወጥ ለመሥራት አልተቸገርንም። የሕንድ ትልቁ የበርበሬ ገበያ ጉንቱር ያለው በዚያው ክፍለ ሀገር ነው። አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ሄል፣ እርድ ሁሉም ከጥጉ ሱቅ ይገኛል፤ ያጣነው ኮረሪማና ኮሰረት ነው። ጤፍ ከሀገር በሻንጣ ይመጣል። መካነ ሰላም ላይ በክረምት ሦስት ቀን የሚፈጀው ሊጥ ቫይዛግ ላይ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ይደርሳል፤ ሙቀቱ አያስተኛውም። ጤፉ ሲያልቅ የዳጉሳና የሩዝ ዱቄት ቀላቅለን ጋገርን። ዓይን ያወጣል፤ ሲጠቀለል ግን ይሰባበራል።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት "በቤቴ ሥጋና እንቁላል አይበሰልም" የሚሉ ሰው ነበሩ። እዚያ ሀገር እንዲህ ያለ አከራይ ብርቅ አይደለም። እኔ ደግሞ የጾመኛ አገር ልጅ ነኝ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ገባሁ። ሁዳዴ ሲመጣ ነው የቸገረኝ። ሕንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ወተት ግን ይፈቀዳል፤ ቅቤውም፣ እርጎውም፣ ፓኒር የሚሉት አይብም እንዲሁ። የእነሱ ጾም የእኛ ፍስክ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤት ስገባ በተሉጉ የማውቀው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "ነዪ ወዱ፣ ፔሩጉ ወዱ" ሆነ፤ ቅቤ አልፈልግም፣ እርጎ አልፈልግም ማለት ነው። ወጥ ቤቱ፣ "ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ?" አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የከላላ ልጅ የሆነች ባልደረባዬ ነበረች፤ ሙስሊም ናት። ረመዳን ሲገባ በእኔ ቤት ሥጋ ስለማይበሰል የማፍጠሪያ ሾርባዋን በምስርና በአጃ ሠራንላት። ሐላል ብሪያኒ ሲያምራት ሙስሊሞቹ ሰፈር ሄዳ በልታ ትመጣለች። ወሎ ላይ እንዳደግነው የእሷን የጾም ሰዓት እኔ፣ የእኔን የጾም ቀን እሷ ታስታውስ ነበር።

ጉርሻ አልተሳካልንም። አንዲት የክፍል ጓደኛችንን ጋብዘን እንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፏ ሳቀርብ ደነገጠች። በእነሱ ዘንድ የሰው አፍ ወይም አፍ የነካ እጅ የነካው ምግብ ኤንጊሊ ይባላል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ አንድ ገበታ ላይም ሁሉም የየራሱን ሳህን ነው የሚይዘው። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። በነጋታው ለእናቷ እንዳልነገረች ነገረችኝ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የማወራው የወጥ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ እንደነበር እንድታዩልኝ ነው። ሊጡ ቢበላሽ የራሴ ሊጥ ነው፤ ብጾም በፈቃዴ ነው፤ ብገድፍም እንደዚያው። ከሳዑዲ የተመለሰችው የእናቴ ጓደኛ ልጅ ግን ሪያድ ላይ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ትውል ነበር፤ ከብሳው፣ መንዲው፣ ሳምቡሳው በእጇ ያልፍ ነበር። ለራሷ የምትበላው ከገበታው የተረፈውን፣ በቁሟ፣ ሳህን እያጠበች ነበር። ከቤት የላኩላትን በርበሬ ማዳም የሚሏት አሠሪዋ ሽታውን ስላልወደደችው ወደ ቆሻሻ ጣለችው። ሽሮ ያማራት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ሽሮ እንኳ ይቅር" አለችኝ፤ "ቁጭ ብሎ መብላት ነው ያማረኝ የነበረው።"

ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም። ከልጆቿ ለይታ የማታይ ማዳም የገጠማቸው አሉ። መካነ ሰላምና አቀስታ ላይ የምታዩት የቆርቆሮ ቤት፣ ወንድም የተማረበት፣ አባት የታከመበት ብር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ገንዘቡን ንቄ አይደለም የምጽፈው።

አሁን ወደ ዮጋው። ያስተማሩን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሊነጋጋ ሲል ሜዳ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይጠብቁናል፣ ገንዘብ አይቀበሉም። ጭንቅላቴን ታች እግሬን ላይ ያደርጉኛል ብዬ ስፈራ፣ ለብዙ ቀን ያስተማሩን መቀመጥና መተንፈስ ብቻ ነው። በቀኝ አውራ ጣት የቀኙ አፍንጫ ይዘጋል፤ በግራው ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ከዚያ በቀለበት ጣት ግራው ይዘጋና በቀኙ ይወጣል። ቀጥሎ በቀኙ ይሳብና በግራው ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን ሳቅ አፈነኝ። እየዋለ እያደረ ግን ለፈተና ሳጠና አንገቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ነገር ለቀቀኝ።

አንድ ቀን ቫጅራሳና ያዙ ተባልን፤ ተረከዝ ላይ ተንበርክኮ፣ ጀርባን አቅንቶ መቀመጥ ነው። ሕንዶቹ ወጣቶች ጥቂት ቆይተው እግራቸው እየደነዘዘ ተነሱ። የከላላዋ ባልደረባዬ ንቅንቅ አላለችም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰላቷን ስታጠናቅቅ በዚያ አቀማመጥ የኖረች ናት። ሱሪያ ናማስካር በተባለው ደግሞ እኔ አልተቸገርኩም። 12 እንቅስቃሴ ነው፤ ከመቆም ተጎንብሶ፣ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ደረትን ከመሬት አገናኝቶ እንደገና መነሳት። የሰሙነ ሕማማትን ስግደት የለመደ ጉልበት አይከብደውም። አስተማሪያችን፣ "እናንተ ማን አስተምሯችሁ መጣችሁ?" አሉን።

ከዚህ ተነስቶ "ዮጋ ቀድሞም የእኛ ነበር" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው ኩራት ደስ አይለኝም። ባልደረባዬ ቫጅራሳና ሠርታ አታውቅም፤ ሰግዳ ነው የምታውቀው።

የእናቴ ጓደኛም ጥያቄ ቢሆን ባዶ አይደለም። ሱሪያ ናማስካር ለፀሐይ የሚቀርብ ሰላምታ ነው፤ በባህላዊው አሠራር ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጋር የፀሐይ ስም ይጠራል። ሕንድ ውስጥ ራሱ ሙስሊሞች ይህን አንቀበልም ብለው ነበርና በ2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሲከበር መንግሥት እንቅስቃሴውን ከይፋዊው ፕሮግራም አውጥቶታል። በፓታንጃሊ ጥንታዊ ድርሰት ዮጋ ስምንት ክፍል አለው፤ ሰውነትን ማጠፍና መዘርጋት ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው፣ ቀሪው የሥነ ምግባር፣ የትንፋሽና የተመስጦ ጉዳይ ነው። ስለዚህ "ዮጋ ከሃይማኖት ጋር ምንም አያገናኘውም" የሚለው የስፖርት ቤት ማስታወቂያ አያሳምነኝም። በሌላ በኩል ዛሬ ዓለም ዮጋ ብሎ የሚሠራው እንቅስቃሴ አብዛኛው የተቀናበረው ባለፈው መቶ ዓመት ነው፤ ማይሶር ላይ ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህርና ተማሪዎቻቸው ናቸው መልክ ያስያዙት። ከተማሪዎቹ አንዱ አየንጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ አዳረሰው። እኔ ስሙን ሳልጠራ እሠራለሁ አልኳቸው፣ አስተማሪያችንን። "ፀሐይዋን ተያትና ወገብሽን አጥፊ" አሉኝ። ከዚያ ያለፈውን ንስሐ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ጠይቁ፤ እኔ ለመፍረድ አልበቃም።

የዮጋ ቀን ያልኳችሁ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወሰነው፣ በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን የሚውል በዓል ነው። በ2017 ዓ.ም. ዋናው ዝግጅት የተደረገው ቫይዛግ ላይ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ተገኝተው ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ በባሕሩ ዳር ተሰልፎ ሠራ። እኔ ቤት ሆኜ በስልክ አየሁት፤ የኔን ሜዳ ግን ከሰው ብዛት ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

ሳዑዲስ? ሳዑዲ በ2017 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ላይ ዮጋን እንደ ስፖርት አውቃ ለማስተማር ፈቃድ መስጠት ጀምራለች። ለዚህ ብዙ የደከመችው ኖፍ ማርዋዒ የምትባል ሳዑዲያዊት ናት፤ ሕንድም በ2018 እ.ኤ.አ. ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥታታለች። ይህን ለእናቴ ጓደኛ ልጅ ስነግራት አልገረማትም። "ማዳምም ትሠራ ነበር" አለችኝ። "ስልኳን ከፊቷ አቁማ፣ ምንጣፍ ዘርግታ። እኔ ስትጨርስ ምንጣፉን ጠቅልዬ ሥሩን እጠርግ ነበር።"

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝ ነገር ይኸው ነው። ልጅ ወደ እስያ ስትሄድ "ስንት ትበላለች፣ ስንት ትልካለች፣ ሃይማኖቷን ትለውጥ ይሆን" እንላለን። ከቀኗ ውስጥ የራሷ የሆነ ሰዓት ይኖራት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔን ዮጋ አላዳነኝም፤ ያዳነኝ ማልጄ ከቤቴ ወጥቼ ሜዳ ላይ እንድቀመጥ የሚያስችለኝ ሰዓት ነው። የያቺ ሰዓት ባለቤት የሆነች ሴት ብትፈልግ ትሰግድባታለች፣ ብትፈልግ ወገቧን ታፍታታባታለች፣ ብትፈልግ ጥቅልል ብላ ትተኛባታለች።

ሕጉ ጨርሶ የለም እንዳትሉኝ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራትና ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ ይላል። ሳዑዲም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ደንግጋ ነበር። ሊባኖስ ግን በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ሕጓ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሚዋ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ካለው ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ዓለም አይቷል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ ሲወጣ ተጓዧ ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንድታጠናቅቅና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት፣ የምትሄደውም ስምምነት ወዳለበት ሀገር ብቻ እንዲሆን ያዝ ነበር። አዋጁ የመጣው ከመከራ በኋላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከደቡብ ወሎ ልጁን ያልተቀበለ ቀበሌ የነበረ አይመስለኝም።

ነገር ግን ከፊል የሚሉት አሠሪ የመኖሪያ ፈቃድ የሆነውን ኢቃማዋንም፣ የመውጫ ፈቃዷንም፣ በሩንም ከያዘ የዕረፍቱን ሰዓት ማን ይቆጥርላታል? የእናቴ ጓደኛ ልጅ ለሲኦሲው የልብስ ማጠቢያና የማይክሮዌቭ አጠቃቀም ተማረች፤ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት ወገብ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚገለበጡ ያሳያት አልነበረም። የእሷ ወገብ የሄደው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሐበሻ በእስያ ሲወራ ማሊክ አምባርን የሚያነሱ አሉ። በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ እዚህ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሕንድ የደረሰው ሰው ነው። ዴካን ላይ ጦር መሪና የአሕመድናጋር እንደራሴ ሆኖ ሞጎሎችን ያስጨነቀ፣ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ የቆረቆረ፣ ውኃ ከመሬት በታች በቦይ ያስገባላት፣ በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተ። ድንቅ ታሪክ ነው። እኔን ግን ይህ ታሪክ ሲነገር የሚያሳስበኝ ከእሱ ጋር በአንድ መርከብ ተጭነው ስማቸው ያልተጻፈው ናቸው። ለልጆቻችን ማሊክ አምባርን እያወራን መሸኘት ለደላላ ይመቸዋል።

ስለዚህ ኤጀንሲ ቤት ስትገቡ፣ ከልጅቷ ጋር አባትም እናትም ግቡና ጠይቁ። የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል? ስልኳን በየትኛው ሰዓት ትከፍታለች? ቤቱ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ? ካለ ስንት ሰው ነው የሚያነሳው? ለራሷ ማብሰል ትችላለች? ጾሟንስ? "እሱን እዚያ ስትደርስ ታየዋለች" ካሏችሁ ወረቀቱ ላይ ጣት አታስነኩ። ደላላው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ለተመለሳችሁትና ወገባችሁን ይዛችሁ ለምትውሉት፣ ከቫይዛጉ ሜዳ ያመጣሁት ቀላል ነገር አለ። ጋቢ ደርባችሁ መሬት ላይ አንጥፉና በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን አጥፉ፤ እግራችሁ መሬት ይርገጥ። አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረት ሳቡና አየሩን ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ትከሻችሁ ከመሬት አይነሳ። ጥቂት ትንፋሽ ቆይታችሁ ቀይሩ። ከዚያ በአራት እግር ቆማችሁ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ እየሰበሰባችሁ ጀርባችሁን ወደ ላይ አጉብጡ፤ መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ። ባመማችሁ ቦታ ላይ አታስገድዱ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ግን የእኔንም ምክር የወጌሻንም እጅ ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

የእናቴ ጓደኛ ልጅና ሌሎች ተመላሾች እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት እየተሰበሰቡ ነው። ማንትራ የለም፣ ክፍያም የለም። ከቀሚስ ሥር ሱሪ ልበሱ፣ ጋቢ ያዙ፣ ምሳችሁን ቀለል አድርጋችሁ ኑ። ልጅ ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ የሚይዝ ሰው አለ።

ጅዳ፣ ሪያድና ኩዌት ያላችሁ እህቶች ደግሞ በኢሞ ድምፅ ላኩልኝ። ከምሽቱም ይሁን ከሌሊቱ በራችሁን ዘግታችሁ ጋደም የምትሉባትን ሰዓት ብቻ ንገሩኝ፤ በዚያች ሰዓት እደውላለሁ፣ አብረን እንሠራዋለን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ብትሉኝም እነሳለሁ። ጭራሽ ሰዓት የለንም የምትሉም እሱኑ ላኩልኝ፤ የአሠሪውን ስም ሳይሆን የምትተኙበትንና የምትነሱበትን ሰዓት። ልጆቻቸውን ሊልኩ የተዘጋጁ ወላጆች እሑድ ወደ እኛ ቤት ሲመጡ እሱን ነው የማሰማቸው።